«ተቀጥተሻል» ሲሉኝ፦ የግል ፓርኪንግ ጣጣ በደብረ ብርሃን

መጀመሪያ እንግባባ፣ ፓርኪንግ በነጻ ይሁን የምል ሰው አደለሁም። ሰው ግቢውን አስተካክሎ፣ ጠጠር አፍስሶ፣ ዘበኛ ቀጥሮ መኪናዬን ካቆመልኝ ሀያም ሠላሳም ብር ቢለኝ ከፍዬ አመሰግናለሁ፣ እንዲያውም ክረምት ላይ ጭቃ የሌለበት ቦታ ካገኘሁ ጉርሻም እጨምራለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የግል ሕንፃ ያለው ሰው፣ ወይ የሕንፃው አስተዳዳሪ ነኝ ባይ፣ ከመሬት ተነስቶ «ተቀጥተሻል» ሲለኝ። ማን ሆኖ ነው ሚቀጣኝ?

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከተማዋ እንዴት እንደተለጠጠች ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ ብላ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብርድ ልብሱ፣ ዩኒቨርሲቲው ተደራርቦባት፣ ሪጂዮፖሊታን ምናምን ተብላ፣ ወደ ደሴ ሚሄደው አስፋልት ግን አሁንም ሆዷን ሰንጥቆ ነው ሚያልፈው፣ ተሳቢው፣ ሲኖው፣ ዶልፊኑ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ሳይቀር በሱ ነው ሚተራመሰው። ከጠባሴ ተነስታችሁ መሃል ከተማ እስክትደርሱ «እስቲ ዳር ይዤ ልቁም» ብትሉ ወይ ትራፊክ ይመጣል ወይ ባጃጅ ጎናችሁን ፍቆት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል፣ ጉዳዩ ያለበት ሕንፃ ግቢ ይገባል። ባለ ሕንፃዎቹም ይሄ ገብቷቸዋል።

መንገድ ዳር ትኬት ሚቆርጡት የተደራጁ ልጆች ጋ ብዙም ጣጣ የለም። ትኬቷ ላይ ዋጋው አለ፣ የማኅበራቸው ስም አለ፣ ቢበዛ «መልስ የለኝም» ብሎ አምስት ብር ይበላችኋል። ማታ መኪና ሚያሳድሩት ግቢዎችም ያው ናቸው፣ ዋጋ ተስማምታችሁ ነው ምትገቡት። ደብረ ሲና ብትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ስትቆሙ ሮጦ መጥቶ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ አድርጎ ሳንቲም ሚጠብቅ ልጅ አታጡም፣ እሱ እንዲያውም ሥራ ሠርቷል፣ የእጅ ፍሬኑን ለማያምን ሰው ያቺ ድንጋይ ትልቅ ነገር ናት። ጣጣው ያለው ሕንፃ ግቢ ውስጥ ነው።

እማዬን ዓይኗን ላስመረምር ወሰድኳት። ክሊኒኩ ያለበትን ሕንፃ ስም አልጠራም፣ ያየው ያውቀዋል። ኅዳር ነው፣ የኅዳርን ጠዋት ብርድ ለናንተ አልነግርም፣ እማዬ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባለች። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዘበኛው አባባ እጃቸውን እያውለበለቡ «ግቢ ልጄ፣ ወደ ግራ ያዢው» አሉኝ። ከዛ የብስኩት ካርቶን ተቀዶ በፕላስተር የተጠቀለለች ነገር ሰጡኝ፣ ላዩዋ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለባትም። «አባባ ሒሳቡ ስንት ነው?» ስላቸው «በሰዓት ሀያ» አሉ። እሺ ብዬ ወጣን።

ዓይን ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ካርድ ማውጣት አለ፣ ወረፋ አለ፣ ጠብታ ይጨመራል፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ፣ ከዛ እንደገና ወረፋ። ስንወርድ እኩለ ቀን አልፏል። እማዬ በጠብታው ዓይኗ ብዥ ብሎባት፣ ፀሐዩም እየወጋት ክንዴን ይዛ ነው ምትራመደው። መኪና ውስጥ አስገብቼያት፣ አስነስቼ ወደ በሩ ስጠጋ አባባ የብረቱን በር ገፍተው ከረቸሙት።

ማስታወቂያውን ያየሁት ያኔ ነው። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፣ ወደ ውስጥ ነው ሚከፈተው፣ ጽሑፉ ያለው ደግሞ በአንዱ ተካፋች በውስጠኛው ፊት ላይ ነው። ነገሩ ገባችሁ? በሩ ሲከፈት ያ ፊት ከአጥሩ ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። ቀኑን ሙሉ በሩ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያውን ሚያነበው ግድግዳው ነው። ሰው ሚያነበው ሊወጣ ሲል በሩ ከተዘጋበት ብቻ ነው። በቀይ ቀለም «ከ2 ሰዓት በላይ የቆመ ተሽከርካሪ 500 ብር ይቀጣል» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም»። ይቺ ሁለተኛዋ ሁሌ ታስቀኛለች፣ በጥበቃ ስም ብር ተቀብለህ ስታበቃ ቢጠፋ አላውቅም ማለት ምን ሚሉት ጥበቃ ነው።

«አባባ ይሄ ምንድነው?»

«ቅጣት ነው የኔ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት አልፈሻል።»

«ታዲያ ስገባ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«እሱን ተናገር ብሎ ያዘዘኝ የለም። ሥላሴን ነው ምልሽ፣ አንዱን ሳላስከፍል ብለቅ ከደመወዜ ነው ሚቆርጡት።»

እማዬ ከኋላ ሆና «በቃ ስጫቸውና እንሂድ፣ ምን ያርጉ እሳቸው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ምን ያርጉ። ከዘበኛ ጋር መጣላት ዋጋ የለውም፣ ያንን ማስታወቂያ የጻፉት እሳቸው አደሉም፣ ከብሩም አስር ሳንቲም አይደርሳቸውም። «አለቃዎትን ይጥሩልኝ» አልኩ።

አለቃው መጣ፣ ወጣት ነው፣ ሁለት ስልክ ይዟል፣ በአንዱ እያወራ በአንዱ ሰዓት ያያል።

«እህት፣ ማስታወቂያው በር ላይ አለ እኮ።»

«በሩ ተከፍቶ ነው የገባሁት። ሲከፈት ደግሞ አይታይም።»

«እሱ አይመለከተንም፣ የግቢው ሕግ ነው።»

«የላይኛው ክሊኒክ ታካሚ ነኝ፣ ወረፋው ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«ክሊኒኩ ሌላ ነው፣ ፓርኪንጉ ሌላ ነው።»

ከፈልኩ። እማዬ ፀሐይ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ብላለች፣ በሩ ተቆልፏል፣ እዛ ጋ የክርክር ጀግና መሆን አልፈለኩም። ግን ዝም ብዬ አልከፈልኩም፣ እና ልብ አርጉልኝ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢቀር ይቺን ያዙልኝ። ደረሰኝ አምጣ አልኩት። ከስቴሽነሪ ሚገዛ ተራ የእጅ ደረሰኝ አመጣ፣ ቲን ቁጥር የለው፣ የድርጅት ስም የለው፣ ማኅተም የለው። «አገልግሎት» ብሎ ሊጽፍ ሲል «አይ፣ የተቀበልክበትን ጻፍ፣ ቅጣት ብለህ አደል ያልከኝ» አልኩት፣ ተናዶ «የፓርኪንግ ቅጣት 500» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ እስክሪብቶውን ተቀብዬ በሱም በኔም ቅጠል ላይ «ያልተነገረኝና ያልተስማማሁበት ስለሆነ ተቃውሜ ነው የከፈልኩት» ብዬ ፈረምኩ። ሳቀ። ይሳቅ። ከዛ አባባን «እስቲ በሩን አንዴ ይክፈቱልኝ» አልኳቸውና ክፍት ሆኖ ከመንገድ በኩል አንድ ፎቶ፣ ተዘግቶ ከውስጥ በኩል አንድ ፎቶ አነሳሁ። ቀይዋ ጽሑፍ አንዱ ላይ አለች፣ አንዱ ላይ የለችም።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እስካሁን ምንሠራበት ማለት ነው፣ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነው እስኪመስል ግልጽ ነው። አንቀጽ 1682 ዝም ማለት መስማማት አደለም ይላል በአጭሩ። አንቀጽ 1686 ደግሞ ነጋዴው ራሱ ያወጣው ደንብ፣ ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበለው ወይ ደግሞ የመንግሥት ባለሥልጣን ያወጣው ወይ ያጸደቀው ካልሆነ በቀር አያስገድደውም የሚል ነው። እንግዲህ በሰዓት ሀያ ብር ተነግሮኝ እሺ ብዬ ነው የገባሁት፣ እሱን እከፍላለሁ፣ ክርክርም የለኝም። 500 ብሯን ግን መቼ አወቅኩ፣ መቼስ ተቀበልኩ? የግቢው ሕግ የግቢው ነው፣ ሳልገባ ካልተነገረኝ የኔ አደለም።

ቅጣት ሚባለው ነገርም መለየት አለበት። ትራፊክ ፖሊስ ሲቀጣችሁ ከጀርባው የመንግሥት ደንብ አለ፣ ጥፋቱም የብሩም ልክ እዛ ላይ ተቀምጧል፣ ወረቀት ይጽፍላችኋል፣ ሄዳችሁ ለመንግሥት ትከፍላላችሁ። ባለ ሕንፃ እንደዚህ ያለ ሥልጣን የለውም፣ አይኖረውምም። እሱ ሊኖረው ሚችለው ውል ብቻ ነው። ውል ውስጥ «ይሄን ካላደረግሽ ይሄን ያህል ትከፍያለሽ» የሚል ገደብ ማስገባት ይቻላል፣ ፍትሐ ብሔሩ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ይፈቅዳል፣ ግን ተዋዋዮቹ አስቀድመው የተስማሙበት ነው ሚሆነው፣ አንዱ ብቻውን ቀለም ገዝቶ በር ላይ የጻፈው አደለም።

ተቃውሜ ነው የከፈልኩት ብዬ የጻፍኩትም ለጌጥ አደለም። መክፈል የሌለበትን የከፈለ ሰው ይመለስልኝ ማለት ይችላል፣ አንቀጽ 2164 ነው፣ ነገር ግን ዕዳ እንደሌለበት ልቅም አድርጎ እያወቀ ወዶ የከፈለ ሰው በኋላ መልሱልኝ ቢል ይከብደዋል። በር ተቆልፎብኝ፣ ታማሚ ይዤ፣ እየተቃወምኩ መክፈሌ ወረቀቱ ላይ ካለ ወዶ ነው የከፈለችው ሊሉኝ አይችሉም። ከዛ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ አለ፣ 813/2006፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ የበር ጀርባ በግልጽ ሚታይ ቦታ ከሆነ እኔም የአውሮፕላን አብራሪ ነኝ።

ነገሩን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስለጥፈው እንግሊዝ አገር ሊድስ ያለው ያክስቴ ልጅ በድምፅ መልእክት እየሳቀ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። ለካ እዛ ይሄ ነገር ራሱን የቻለ ትልቅ ቢዝነስ ነው። የሱፐርማርኬቱ ግቢ መግቢያ ላይ ካሜራ ታርጋህን ያነሳል፣ መውጫው ላይ ደግሞ ያነሳል፣ ከተፈቀደው ሰዓት ካለፍክ የፓርኪንግ ካምፓኒው አድራሻህን ከመንግሥት የመኪና መዝገብ ከፍሎ ወስዶ ደብዳቤ ቤትህ ድረስ ይልክልሃል። ደብዳቤው ቁርጥ የመንግሥት ቅጣት ይመስላል፣ ሲነበብ ግን የግል ድርጅት የውል ገንዘብ ጥያቄ ነው። እስከ 100 ፓውንድ ይጠይቃሉ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ ይቀንሱልሃል፣ እሱ እንዳለኝ ሐበሻው ደብዳቤውን ሲያይ ፖሊስ የመጣበት ይመስለውና ቅናሹ ሳያልፍ ይከፍላል። ፖፕላ ሚሉት ይግባኝ ሰሚ አለ፣ ለሹፌሩ በነጻ ነው፣ ግን መጀመሪያ ካምፓኒውን ራሱን መቃወም አለብህ። ጎማ መቆለፉንማ በግል መሬት ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክለውታል፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ማለት ነው።

ሁለት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነገረኝ፣ እኔ ከዛ በኋላ ገብቼ አነበብኳቸው፣ በጣም ነው የወደድኳቸው። አንደኛው በ2000 እ.ኤ.አ. የተፈረደ ነው። ቫይን ሚሏት ሴት እየነዳች ሳለ ያማታል፣ የሰው መሬት ላይ አቁማ ትወርዳለች፣ ስትመለስ ጎማዋ ተቆልፏል። ማስታወቂያ ነበረ ወይ? ነበረ፣ ግድግዳው ላይ፣ ግን ፊቱ ላንድሮቨር ቆሞ ሸፍኖታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማስታወቂያውን ስላላየችው ለመቆለፉ ተስማምታለች ሊባል አይችልም ብሎ ፈረደላት። እንግዲህ ላንድሮቨሩን አንሱትና የኔን በር አስቀምጡት።

ሁለተኛው ግን ለኛ ለሹፌሮች ሚመች አደለም፣ ለዛ ነው ደግሞ መነገር ያለበት። ቢቪስ ሚባል ሰውዬ፣ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ያለው፣ ቼልምስፎርድ ከተማ ሁለት ሰዓት በነጻ የሚያስቆም ግቢ ውስጥ 56 ደቂቃ አሳልፎ ቆመ፣ 85 ፓውንድ ክፈል ሲባል አሻፈረኝ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2015 እ.ኤ.አ. ተረታ። ለምን? ማስታወቂያው በየቦታው በትልቁ ተተክሏል፣ ገንዘቡም የተጋነነ አደለም፣ ሰው ቦታውን ይዞ እንዳይውል ለማድረግ ባለቤቱ ተገቢ ምክንያት አለው አሉ። ስለዚህ «የግል ፓርኪንግ ሚለውን ሁሉ አትክፈሉ» ብሎ ቲክቶክ ላይ ሚያስተምራችሁን ሰው አትመኑት። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ ስትገቡ ተነግሯችኋል ወይስ አልተነገራችሁም።

እንግዲህ ማመልከቻ ጻፍኩ። አጭር ነው፣ ስድብ የለው፣ ሮሮ የለው፣ እማዬ እንኳ «ይቺ ብቻ?» ብላኛለች። ይሄው፦

«ለሕንፃው አስተዳደር። በግቢያችሁ ለቆመው መኪናዬ በሰዓት 20 ብር ተነግሮኝ የገባሁ ሲሆን ስወጣ 500 ብር ቅጣት ተብዬ ተቃውሜ ከፍያለሁ። ስለ ቅጣቱ የሚገልጸው ጽሑፍ በሩ ሲከፈት የማይታይ መሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎችና የደረሰኙን ኮፒ አያይዣለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 መሠረት ያላወቅሁትና ያልተቀበልኩት ደንብ ስለማያስገድደኝ 500 ብሩ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለንግድ ጽ/ቤት።»

ሁለት ኮፒ አድርጌ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙልኝ አደረኩ፣ ጸሐፊዋ አለቃዬን ልጠይቅ ስትል «መድረሱን ብቻ እኮ ነው ምትፈርሚው እህቴ፣ ትክክል ነሽ በይኝ አላልኩሽም» አልኳት፣ ፈረመች። በኔ ግምት ከአንቀጹም ከፎቶውም በላይ የሠራችው ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። ግልባጭ ለንግድ ጽ/ቤት ሲባል ያ ቲን ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ትዝ ይላቸዋላ። ቅጣት እያሉ ሚሰበስቡት ብር በየትኛው ደረሰኝ እንደሚወጣ ማንም እንዲጠይቃቸው አይፈልጉም።

ባለ ሁለት ስልኩ ልጅ ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል፣ «እህቴ ነይ እስቲ ሻይ እየጠጣን እንነጋገር» ምናምን። ሻዩን ተውኩት። 500 ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝና «ቅሬታዬን አንስቻለሁ ብለሽ ፈርሚልኝ» አለ። እሱን አልጻፍኩም። «500 ብር ተመልሶልኛል» ብዬ ቀን ጽፌ ፈረምኩ፣ የሆነው እሱ ነው። ይቅርታ ሚባል ነገር አልሰማሁም፣ አልጠበቅኩምም። ስወጣ አባባን «ከደመወዝዎ እንዳይቆርጡ» ስላቸው «ቢቆርጡ እኔም ማመልከቻ አስጽፍሻለሁ» ብለው ሳቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄን ለጎረቤት ስነግር ሦስት ሰው ያህል «እኔን ደግሞ ታርጋዬን ፈቱብኝ» ብሎኛል። ይሄ ከብሩም ይብሳል። ታርጋ ሚሰጠው መንገድ ትራንስፖርት ነው፣ የግቢ ጥበቃ በመፍቻ ፈቶ ቢሮው ውስጥ ሚያስቀምጠው ነገር አደለም። ያለ ታርጋ ከወጣችሁ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ሚይዛችሁ ትራፊክ የግቢውን ታሪክ አይሰማችሁም፣ ጥፋተኛው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እዛው ቁሙ፣ የተፈታበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ፖሊስ ጥሩ። ስትደውሉ ያዩአችሁ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታርጋው ፖሊሱ ሳይደርስ ይመጣል። መንጃ ፈቃድና ሊብሬም እንደዛው ነው፣ ለጥበቃ መያዣ ብላችሁ አትስጡ፣ ሊያዩት ከፈለጉ በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩ።

በቀደም በዛ በኩል ሳልፍ ማስታወቂያው ከበሩ ተነስቷል። አሁን ከውጪ መግቢያው ላይ ባለ ብረት ምሰሶ ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ በትላልቅ ፊደል፣ ሰዓቱም 500 ብሩም ከመንገድ ማዶ ይነበባል፣ ቲን ቁጥር ያለው ደረሰኝም አሳትመዋል አሉ። ጥሩ አድርገዋል። ከእንግዲህ እዛ ግቢ ሁለት ሰዓት አልፎት «አላየሁም» ብሎ ሚደውልልኝ ሰው ካለ አልረዳውም። በሰዓት ሀያ ብር ለሚያወጣ ቦታ 500 ብር ይበዛል ወይ ብሎ መከራከር ግን ይቻላል፣ እሱን እስካሁን ማንም አልሞከረውም፣ ክሊኒኩ ወረፋውን ካላሳጠረ ደግሞ አንዱ ታካሚ መሞከሩ አይቀርም።